ከአንቀልባ እስከ ሽንሽን ቀሚስ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ግሽ ሲያቀና የአገው ሕዝብ የሚኖርበትን ምድር በዓይኑ አየ። አገዎች ለጎንደር ከብት፣ ማር፣ ሰም፣ ቅቤና ቆዳ እንደሚያቀርቡ ጻፈ። ልብሳቸውንም ልብ ብሎ ተመልክቷል። የሚለብሱት በራሳቸው ዘዴ አልፍተው ያለሰለሱትን ቆዳ ነበር። የባለትዳር ሴቶች ልብስ እስከ እግር የሚደርስ ሆኖ ወገቡ ላይ በመታጠቂያ ይታሰራል። የታችኛው ክፍል ድርብ ነው፤ አንዱን ድርብ ወደ ትከሻ ገልብጠው ደረታቸው ላይ ያያይዙትና ሕፃኑን ከጀርባቸው በዚያ ያዝሉታል።

ከብሩስ ጽሑፍ ለሕፃኑ የተሰፋ የተለየ ልብስ አይገኝም። ልጅ የሚለብሰው እናቱን ነበር ማለት ይቻላል። በአማራ ገጠር እስከ ቅርብ ዘመን የዘለቀው አንቀልባም ከዚሁ አሳብ የወጣ ነው። ከለፋ ቆዳ ተሠርቶ፣ አንዳንዴ በዛጎል አጊጦ፣ ሕፃኑን ከብርድና ከዝናብ የሚከልል መያዣ ነው። አንቀልባ የማንንም ልክ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ልጅ የታዘለበት አምስተኛውንም ያዝላል።

ሸማ ሲስፋፋም ልጅ ቶሎ ባለ ልብስ አልሆነም። ምክንያቱ ድካሙ ነው። ጥጡ ከቆላ በንግድ ይመጣል። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ይለያሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ። ማጉ ተደውሮ ወደ ሸማኔ ሲሄድ የአንዲት ሴት የብዙ ሳምንት ምሽት አብሮት ይሄዳል። እንዲህ የተገኘ ጨርቅ በመቀስ አይቆረጥም፤ ወይም የሚቆረጠው ለትልቅ ጉዳይ ብቻ ነው። ነጠላ፣ ጋቢና ቡልኮ ከሸማኔው እጅ እንደወጡ፣ ቢበዛ ጎን ለጎን ተጋጥመው፣ በአካል ላይ የሚጣሉ ናቸው። ለልጅ ሲሆን ካረጀ ነጠላ የተረፈው ደህና ደህናው ተመርጦ ጥብቆ ይወጣለታል። ጥብቆ ሁለት አራት ማዕዘን ጨርቅ፣ ለአንገት አንድ ቅዳጅ፣ ለእጅ ሁለት ክፍተት ነው፤ ከዚያ በላይ አሳብ አይፈልግም።

አንድ ቀን ግን ልጅ ሁሉ ያማረ ልብስ ይገባዋል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ የክርስትና እናት ወይም አባት ከማዕተቡ ጋር ልብስ ማምጣታቸው የተለመደ ነው። በድሮው ጊዜ ይህ ልብስ አዲስ ነጭ መጠቅለያ ነበር። በኋላ ዘመን ሽንሽን ያለው፣ ዳንቴል የተለጠፈበት የሕፃን ቀሚስ ቦታ ያገኘው በዚሁ በር ገብቶ ነው።

ለሽንሽን ግን መጀመሪያ ጨርቅ መርከስ ነበረበት።

ያን ያመጣው አቡጀዲድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚወጣው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጉረፍ ጀመረ። ብዛቱ የአሜሪካን መንግሥት ትኩረት እስከመሳብ ደርሶ፣ የአሜሪካ ልዑክ ሮበርት ስኪነር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የዚሁ ጨርቅ ገበያ ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ ጣቃው በጣቃ ላይ ተደራረበ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው በቅሎ ነው፤ ጎጃምም አገው ምድርም የሚደርሰው በጭነት ነበር።

አቡጀዲድ የማንም እናት ምሽት አልፈሰሰበትም። ስለዚህ መቀስ አልተፈራም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለኢትዮጵያ ልብስ ስፌት የለውጡ ሁሉ መነሻ እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ነው፣ ስፋቱ የታወቀ ነው፣ ከተበላሸም ሌላ ይገዛል። በክንድና በስንዝር ተለክቶ የሚሸጥ ጨርቅ በልክ መቅደድን አስለመደ።

በዚያው ክፍለ ዘመን፣ የአቡጀዲድ አገር በሆነችው አሜሪካ፣ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስተርሊንግ በምትባል ከተማ የሚኖር ኤቤኔዘር ባተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። እንደሚተረከው ባለቤቱ ኤለን እ.ኤ.አ. በ1863 የብርድ ወቅት ለትንሽ ልጃቸው ልብስ ልታወጣ ጨርቅ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መስመር ስታሰምር፣ በልጁ ልክ የተዘጋጀ ቅድ፣ ማለት ጨርቁ የሚቆረጥበት ንድፍ፣ ቢኖር ምንኛ ድካም በቀረላት ስትል ነገረችው። በጊዜው የነበሩት ቅዶች በአንድ መጠን ብቻ የሚወጡ ነበሩ፤ እናት ራሷ ማስፋትና ማጥበብ አለባት። ባተሪክ በተለያየ መጠን የተዘጋጀ ቅድ ማውጣት ጀመረ። መጀመሪያ በወፍራም ወረቀት ሞከረ፤ አልታጠፍ፣ አልላክ አለው። ስስ ወረቀት ላይ ሲያሳርፈው ግን በፖስታ የሚሄድ ሆነ። በዓመቱ ሥራው ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ ቀዳሚዎቹም የወንድና የልጆች ልብስ ቅዶች ነበሩ።

በዚያ አገር ሽንሽን ያለው የሕፃን ቀሚስ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፖስታ ውስጥ ታጥፎ የሚሸጥ ነገር ሆነ። ወደ አዊ፣ ማለት ወደ አገው ምድር፣ ግን ወረቀቱ አልመጣም። ለመምጣት ፖስታ ቤት፣ መመሪያውን የምታነብ እናትና የፈረንጅ ልጅን ልክ የምታምን ገበያተኛ ያስፈልገው ነበር። ጨርቁ መጣ፣ መርፌው መጣ፣ ቆይቶም መኪናው መጣ፤ ቅዱ ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ የሚያወጣው ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ ያለው ታሪክ በሙሉ ይህን ጉድለት በእጅ የመሙላት ታሪክ ነው።

መኪናው ሲንጀር ነበር። አይዛክ ሲንጀር በ1851 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት የስፌት መኪና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በአዲስ አበባ ታየ። ከሕንድና ከአርመን የመጡ ሰፊዎች በከተማዋ ሙያውን ካስፋፉት መካከል ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ አገር የወጣው መኪና በአብዛኛው ወንድ እጅ ነው የገባው፤ በኢትዮጵያ ጥልፍና ስፌት ከጥንትም የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯልና ይህ ብዙ አላስገረመም። ሴቷ ፈተለች፣ ወንዱ ሸመነ፣ ወንዱ ሰፋ።

ሰፊው በገበያ ቀን መኪናውን በረንዳ ላይ ያወጣል። ለሕፃን ልብስ የምትመጣ እናት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑን አታመጣም፤ ያረጀ ልብሱን ይዛ ትመጣና «በዚህ ልክ ይቅደዱልኝ፤ ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት፣ ልጅ ያድጋል» ትላለች። ሰፊው አሮጌውን ልብስ በአዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ በደረቀ የሳሙና ስባሪ ዙሪያውን ያሰምርና ሁለት ጣት ጨምሮ ይቆርጠዋል። የአገሩ ቅድ ይህ ነበር። ወረቀት የለበትም፣ ቁጥር የለበትም። የፈረንጅ ሙያተኛ ሊንቀው ይችላል፤ ሆኖም አንዲት ልጅ ከለበሰችው ልብስ ላይ በቀጥታ የተወሰደ ስለሆነ በፋብሪካ ከተዘጋጀው መጠን ይልቅ ለዚያች ልጅ ይስማማል።

መርፌ በትምህርት ስም ወደ ሴት እጅ ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የጀመረው በ1924 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆችን ከፊደልና ከቋንቋ ጋር የእጅ ሥራ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ መሪነት ሴቶችን ለጦር ሜዳ ስፌት አሰለፈ። የቁስል መጠቅለያ ተዘጋጀ፤ ለመርዝ ጋዝ መከላከያ የሚሆን ጭንብል ሳይቀር በእጅ ተሰፋ። በቤተ መንግሥት አዳራሽ መርፌ የያዙ ወይዛዝርት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ።

ጦርነቱ አዊ ምድርንም አላለፈም። የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የተቀመጠባት ዳንግላ የጣሊያን ጦር ሰፈር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይልና አርበኞች ሲገሰግሱ ጣሊያን ዳንግላንም እንጅባራንም ለቆ ወጣ። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ግድም፣ በ1932 ዓ.ም.፣ የዓድዋን ፈረሰኞች ለመዘከር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር መመሥረቱ ይነገራል። በማኅበሩ ዓመታዊ በዓል፣ በጥር 23 ቀን፣ በእንጅባራ ሜዳ ለሚታየው የፈረስ ልብስና ጌጥ የሚወጣውን ጨርቅና ክር ያየ ሰው፣ በዚህ አገር ሽንሽንና ጥልፍ የማይታወቅ ነገር ነበር ሊል አይችልም። አዲሱ ነገር ሽንሽኑ ወደ ሕፃን መውረዱ ነው።

ከነጻነት በኋላ የሴቶች ማኅበሩና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች ስፌት ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የባልትና ክፍለ ጊዜ ተጀመረ፤ ሴቶች ልጆች ቅምቅማት፣ የቁልፍ ቤትና ዳንቴል ተማሩ። ቅድ የሚነደፍበት ወረቀት ግን ከየት ይምጣ? መልሱ ጋዜጣ ነበር። አዲስ ዘመን በግንቦት 1933 ዓ.ም. መታተም ጀምሯል። ገጹ ሰፊ፣ ወረቀቱ ስስና ለመቀስ የማያስቸግር ነው፤ ከተነበበ በኋላ ስኳርም ይጠቀለልበታል፣ ግድግዳም ይለጠፍበታል። የዜናውን ዓምድ በእርሳስ አቋርጦ የሚያልፍ የሕፃን ብብት ዙር በብዙ መምህራን ጠረጴዛ ላይ ተሰምሯል። የአዲስ ዘመን አዘጋጆች ይህን አንባቢ በቁጥር አስገብተውት እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ታማኝ አንባቢ ነበር።

ለአዊ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጣና ዳር ነው። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ የተሠራበትም ገንዘብ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከሙያ ዘርፎቹ አንዱን ጨርቃ ጨርቅ አደረገ። ከዳንግላ በመኪና ለጥቂት ሰዓት መንገድ አቡጀዲድና አንሶላ የሚያመርት ፋብሪካ ሲቆም ጣቃው በእንጅባራና በአዘና ሱቆች በቀላሉ የሚገኝ ሸቀጥ ሆነ። ከሕንድና ከጃፓን የሚገቡ አበባ የታተመባቸው ፖፕሊኖችም ጎኑ ተሰቀሉ። ለሴት ልጅ ሽንሽን ያለው ቀሚስ ማሰፋት ከዚህ በኋላ የመኳንንት ጉዳይ አልሆነም።

ቅዱ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ደግ ነው፤ ሽንሽን ምን ያህል ጨርቅ እንደሚበላ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። የስድስት ወር ሕፃን የደረት ዙሪያ 44 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ሕፃን እንደልቡ እንዲንፈራገጥ 8 ይጨመርና 52 ይሆናል። ጋዜጣው ሁለት ጊዜ ታጥፎ የሚነደፈው የዚህ ሩብ ብቻ ነው፤ 13 ሴንቲ ሜትር። ከላይኛው ማዕዘን ተነሥቶ ለአንገት 5 ወደ ጎን፣ ለፊት 5 ወደ ታች፣ ለኋላ ግን 1.5 ብቻ ይወረዳል። የሕፃን ጀርባ አንገቱ ሥር ቀጥ ያለ ስለሆነ የኋላው ጠልቆ ከተቆረጠ ልብሱ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ትከሻው 5.5 ሆኖ ጫፉ 1.5 ዝቅ ይላል። ብብት 11 ላይ ያርፋል። ከትከሻ እስከ ሽንሽኑ መነሻ ያለው ቁመት 14 ነው፤ ቀሚሱ ከወገብ ሳይሆን ከደረት በታች የሚጀምረው ሕፃን ወገብ ስለሌለው ነው፤ ያለው ሆድ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን ሁሉ የሚጥል ነገር አለ። የስድስት ወር ሕፃን የራሱ ዙሪያ 43 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከደረቱ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ከላይ የተነደፈው አንገት ግን ዙሪያው ከ27 አያልፍም። ያለ ክፍተት ከተሰፋ ቀሚሱ ጨርሶ አይጠለቅም። ስለዚህ የኋላው ቅድ መሐሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት ለቁልፍ ይከፈታል፤ ልጅ በጀርባው ስለሚተኛ ቁልፉ ጠፍጣፋና ትንሽ ይመረጣል። የሚጠላለፍ ክር ማሰሪያ የሚመርጡም አሉ፤ ሕፃን አፉ ውስጥ የማይከተው ነገር የለምና ቁልፍ ቢላቀቅ ያስፈራቸዋል።

ጉርዱ ቅድ አያስፈልገውም፤ አራት ማዕዘን ነው። ቁመቱ 18፣ ስፋቱ የላይኛው ክፍል እጥፍ፣ ማለት 104 ይሆናል። ከታች የሚቀጠለው ጠርዝ ደግሞ ስፋቱ 7፣ ርዝመቱ የጉርዱ አንድ ተኩል ጊዜ፣ 156 ሴንቲ ሜትር ነው። አቡጀዲዱ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሰፋ ሰፊው ጉርዱን ላለመቀጠል ሙሉ ስፋቱን እንዳለ ይወስደዋል፤ ሽንሽኑ ትንሽ ይሳሳል እንጂ ያምራል። ለስፌት የሚተወው አንድ አንድ ሴንቲ ሲታሰብ ልብሱ በሙሉ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጨርቅ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶው ለታችኛው ጠርዝ ብቻ የሚሄድ ነው። እናትየዋ ነጠላ ፈታይ በነበረችበት ዘመን ይህን ሲሶ ለጌጥ ማዋል እብደት ነበር።

መሰብሰቡ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የመኪናው ስፌት ረጅም ተደርጎ፣ ክሩ ላላ ብሎ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር ይሰፋል። ጉርዱም የላይኛውም ክፍል በአራት እኩል ተከፍሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክት ከምልክት ጋር ይያያዝና የሥረኛው ክር ቀስ ተብሎ ይሳባል። አንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ ክሩ በተበጠሰ ጊዜ ሥራው ሁሉ ይፈርሳል፤ ሁለተኛው ለዋስትና ነው። በጎጃም ገጠር የሴቶች ቀሚስ ላይ የሚታወቀው ተደራራቢ ሽንሽን ከዚህ ይለያል። እሱ እየተቆጠረ የሚታጠፍና በካውያ የሚተኮስ ነው፤ በደንብ ሲደራረብ የስፋቱን ሦስት እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል። ለሕፃን ይከብዳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው እንጅባራና በአካባቢዋ በሚዘንበው ክረምት ደግሞ የታጠበ ድርብርብ ሽንሽን ቶሎ አይደርቅም። ብልህ ሰፊ ላይኛውን ክፍል በፍላኔላ ገብሮ፣ ታችኛውን በስስ ፖፕሊን ይተወዋል፤ ደረት ይሞቃል፣ ጉርዱም በጭስ ላይ ሳይሰቀል ይደርቃል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ መኪናውና ሰፊው ወደ ማኅበር ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1977 የእደ ጥበባትና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ በየከተማው የልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሴቶችን ለማንበብና ለመጻፍ ሲያሰልፍ የስፌት ሥልጠናም ሰጠ። የማኅበሩ ሥራ በአብዛኛው የትምህርት ቤትና የሥራ ልብስ ነበር፤ የሕፃን ሽንሽን በዕቅድ ውስጥ አይገባም። ጨርቅም በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚደርስበት ጊዜ መጣ።

እጥረቱ ግን ቅድ የማውጣትን ችሎታ አሳለው። የአባት ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ ለሕፃን ቀሚስ ተስማሚ ነው፤ ጀርባው አንድ ወጥ ጨርቅ ሆኖ ለጉርድ ይበቃል፤ የፊቱ የቁልፍ መስመር ወደ ኋላ ዞሮ የሕፃኗ ጀርባ መክፈቻ ይሆናል። ቁልፉም ቤቱም ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ግማሹ ሥራ አልቋል። እጅጌው ተተርትሮ በቁመቱ ሲቆረጥ ለታችኛው ጠርዝ የሚሆን ረጅም ስንጥቅ ይወጣል። ይህን ለማድረግ የወረቀት ቅድ የግድ ነው። የተሠራ ልብስን መልሶ ለመቅደድ ሲፈልጉ ስሕተት መሸፈኛ ትርፍ የለምና ጋዜጣውን በሸሚዙ ላይ እያዟዟሩ ቦታ መፈለግ ያሻል። በአብዛኛው ሴቶች በእጅ መርፌ የሠሩት ይህ ሥራ በማንም ሪፖርት አልተመዘገበም፤ ከማኅበራቱ ዕቅድ ይልቅ ብዙ ሕፃን ያለበሰው ግን ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ፤ ለሰፊው ግን ነገሩ ሁለት ስለት ያለው ሆነ። አንደኛው ሰልባጅ ነው። አሮጌ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም በድንበር እየሾለከ በየከተማው ገበያ ተዘረጋ። ከቦንዳው ውስጥ የፈረንጅ ሕፃናት ሽንሽን ቀሚሶች ወጡ፤ ብዙ ሰፊዎችም እነዚህን ፈትተው አዲስ ቅድ ተማሩባቸው። ባተሪክ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በፖስታ ሊልከው የቻለው ነገር አዊ የደረሰው በዚህ መልክ ነው፤ ተለብሶ፣ ታጥቦ፣ በኪሎ ተሽጦ። ሁለተኛው የቻይና አዲስ ልብስ ነው። መርካቶ የሚራገፈው የሕፃን ቀሚስ፣ ከታች መረብ፣ ከላይ ሳቲን፣ ደረቱ ላይ አበባ ያለበት፣ የጨርቅና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከሚያወጣው በታች ተሸጠ። ከቻይና የመጣው ቢራቢሮ ምልክት ያለበት የእግር መኪና ግን ለሰፊው ወዳጅ ሆነ። ርካሽ ነው፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ልብስ ስፌትን ሲያስተምሩ ቅድ ማውጣት የፈተና ትምህርት ሆነ። ሠልጣኙ ደረቱን ለአራት ያካፍላል፣ ብብት ያሰላል፣ በቡኒ ወረቀት ላይ ይነድፋል። የድሮው ፖሊቴክኒክ የጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ቅድ በኮምፒውተር ላይ የሚወጣበትን መንገድ ያስተምራል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ቅዱ ከውጭ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሠራተኛዋ የምትሰፋው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመነሻ ደመወዟን በወር 26 ዶላር ብሎታል። እዚያ ዓመት የሠራች ልጅ በጣም ፈጣን ሰፊ ልትሆን ትችላለች፤ ለእህቷ ልጅ ቀሚስ ለማውጣት ግን ቅድ የሚያወጣ ሌላ ሰው ያስፈልጋታል።

ከዚያ ስልክ መጣ። በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ አማርኛ የሚናገሩ ሰፊዎች የሕፃን ቀሚስ ቅድ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ጀመሩ። የፈረንጆቹ ነጻ ቅድም በስልክ ይወርዳል። ሆኖም በወረቀት ሲታተም ችግር አለበት። ማተሚያው ገጹን ለማስማማት ጥቂት ካሳነሰው 13 የነበረው 12 ይሆናል፤ በአራቱም ሩብ ላይ አንድ አንድ ሴንቲ ከጎደለ ለሕፃኗ የተተወው ትርፍ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። አዋቂዎቹ ለዚህ ነው ከማንኛውም መስመር በፊት በገጹ ላይ ያለውን መፈተሻ አራት ማዕዘን በሜትር የሚለኩት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። መንገድ በተዘጋ ቁጥርም ከመርካቶ የሚመጣው ልብስ ዘገየ። በስልክ ቅድ የለመደው ሰው ወደ ጋዜጣና ወደ አሮጌ ልብስ ተመለሰ፤ ጋዜጣ ባልተገኘበት የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይበቃል፤ ቶሎ አይቀደድም።

እንደ አዘና ባሉ ከተሞች ሰፊው ዛሬ በአብዛኛው የሚኖረው ዚፕ በመቀየር፣ ሱሪ በማሳጠርና የተማሪ ልብስ በመስፋት ነው። የሕፃን ቀሚስ ዋጋ ከመኪናው ድካም ጋር አይመጣጠንም። ትንሽ ልብስ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ብብቱ ጠባብ ስለሆነ ከመኪናው እግር ሥር በደንብ አይዞርም፣ ሽንሽኑም እንደ ትልቁ ሰው ቀሚስ እኩል ጊዜ ይበላል። ሆኖም ለ80 ቀን ክርስትና የሚመጡ አሉ። የቻይናው ቀሚስ በአብዛኛው ከስድስት ወር ጀምሮ ላለ ልጅ ስለሚመጣ ለሰማንያ ቀን ልጅ ትልቅ ይሆናል፤ መረቡም ቆዳዋን ይፈትጋል። ለዚያች ልጅ ሰፊው ደረቱን ወደ 40 ዝቅ አድርጎ፣ ከአገር ልብስ ቁራጭ ወይም ከነጭ ፖፕሊን ያወጣላታል። በጉርዱ ግርጌ ሁለት ሦስት ቀጭን እጥፋት ይሰፋበታል፤ ልጅቷ ባደገች ቁጥር እጥፋቱ አንድ በአንድ እየተፈታ ቀሚሱ ይረዝማል። የላይኛው ክፍል ሲጠብባት ደግሞ ጉርዱ ተፈትቶ በሌላ የደረት ቅድ ላይ ይሰፋል፤ ወረቀቱ ላይ ከቀድሞው መስመር ውጪ በአንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ሁለተኛ መስመር ይሰመራል፣ ከጎኑም የልጅቷ ዕድሜ በወር ይጻፋል።